ነዳጅ ስትሰጡት ሲጥ ሲጥ የሚል አይሱዙ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን ለዩ

የአጎቴን አይሱዙ ኤንፒአር የምነዳበት ጊዜ ነበር። ከጎጃም ጤፍ ጭነን አዲስ አበባ እናራግፋለን። አንድ ሰሞን መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ድምፁ ይፈጥናል፣ እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። ጋራዥ ወሰድኳት። ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ነው ተባለ፣ ቺንጋው ተቀየረ። ድምፁ አልጠፋም። የዲናሞ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው ተባለ፣ ዲናሞው ወርዶ ተሠራ። ድምፁ አሁንም አለ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ረዳቴ «እስቲ ቀስ ብለህ ንዳት፣ እኔ ወርጄ ከጎን ከጎን እየሄድኩ ላዳምጥ» አለኝ። ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄደም። «ከፊት አይደለም፣ ከሆዷ ነው» አለ። ከሥር ገብተን ስናይ የኋላው ክሮቼራ፣ ማለትም ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ (ሻፍት) መጋጠሚያ፣ አንደኛው ቆብ ዙሪያውን ቀይ የዝገት ዱቄት ተፍቷል። ግራሶ የሚባል ነገር ካየ ቆይቷል።

በማያስፈልግ ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈሌ አናደደኝ። ከሱ በላይ ያስደነገጠኝ ግን በዚያው ክሮቼራ ጤፍ ጭኜ አባይ በረሃን ስንት ጊዜ ወርጄ እንደወጣሁ ማሰቤ ነው። ለምን እንደሚያስደነግጥ ክሮቼራው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ይህን የምጽፈው ያኔ ባውቀው ብዬ የምመኘውን ነው። መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጆሮ፣ አንድ ረዳት፣ ጠመኔና ሜዳ መንገድ ይበቃል።

የምናገረው በአብዛኛው ስለ ኤንፒአር ነው፣ ምክንያቱም የማውቀው እሱን ነው። ሃይሉክስም ሆነ ሌላ ፒካፕ የምትነዱ ግን አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል፤ የሚለይበትን ቦታ እጠቁማለሁ።

መጀመሪያ መለየት ያለባችሁ አንድ ነገር ነው

ነዳጅ ስትሰጡ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል። የሞተሩ ዙር ይጨምራል። የመኪናው ፍጥነት ይጨምራል። ሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚልከው ጉልበትም ይጨምራል። «ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል» ማለት ብቻውን ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም፣ ምክንያቱም ከሦስቱ የትኛውን ተከትሎ እንደሚጮህ አልነገራችሁትም። መካኒኩም ብዙ ጊዜ ከሚቀርበው ከቺንጋ ይጀምራል። በእናንተ ገንዘብ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሦስቱን መነጣጠል ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ቆማችሁ የሚደረግ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ (ማገጃ) አድርጉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። ከዚያ ነዳጅ ስጡት። ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት ጫን አድርጋችሁ። ድምፁ ከመጣ ነገሩ ከሞተሩ አካባቢ ነው፦ ቺንጋ፣ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር)፣ ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ)። ሻፍቱም ጎማውም አልዞሩም፣ ስለዚህ ከተጠርጣሪዎች ውጭ ናቸው። ድምፁ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ ቺንጋ አትግዙ። እኔ ይቺን አንድ ደቂቃ የማትፈጅ ሙከራ ባደርግ ኖሮ ሁለቱም ወጪ ይቀርልኝ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ። 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ድረሱና ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ መኪናው በራሱ ይንከባለል። ድምፁ እንዳለ ከቀጠለና መኪናው ሲዘገይ አብሮ ከዘገየ የሚከተለው ፍጥነቱን ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ሻፍት ማለት ነው። ማርሹ ሲወጣ በዚያው ቅጽበት ከጠፋና ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከተመለሰ ደግሞ የሚከተለው ጉልበቱን ነው። እሱ ክሮቼራን፣ የሞተር ጎማን (ሞተሩ የተቀመጠበትን ላስቲክ) ወይም ባሌስትራን (የአክሰሉን ተደራራቢ ብረት ሞላ) ይጠቁማል። አደራ፣ ይህን ሙከራ ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክሩት። ጭነት ይዛችሁም እንዳትሞክሩት።

ሦስተኛው የረዳቴ ሙከራ ነው፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። በአንደኛ ማርሽ በሰው እርምጃ ፍጥነት ትነዳላችሁ፣ አንድ ሰው ከጎን እየሄደ ያዳምጣል። ከፊትም ከኋላም አይሂድ፣ ከጎማው ራቅ ብሎ ብቻ። ከመነሳታችሁ በፊት የኋላ ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ አንድ ወፍራም መስመር አስምሩ። 7.50-16 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ በሰው እርምጃ ፍጥነት አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ ሁለት ሰከንድ ይወስድበታል ማለት ነው። መስመሩ ወደ መሬት በወረደ ቁጥር አንድ ጊዜ ሲጥ ካለ ጎማውና ፍሬኑ ጋ ሂዱ። በአንድ የጎማ ዙር ውስጥ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ሲጥ ሲጥ ሲጥ ካለ ግን ሻፍቱ ነው፤ ምክንያቱም ዲፈረንሻሉ (የኋላው አክሰል መሃል ያለው ማርሽ) ዙሩን ስለሚቀንሰው ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ይህን መቁጠር የሚችል ልጅ አጠገባችሁ ካለ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም።

ቆሞ የሚጮህ ከሆነ

ቺንጋ ሲጮህ ጠዋት ይብሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተሪኖው ሲያስነሳ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፣ ዲናሞውም ወዲያው መልሶ ለመሙላት ጠንክሮ ይሠራል፣ ቺንጋው ላይ ሸክም ይበዛል። ስለዚህ ጠዋት ሞተር አስነስታችሁ የፊት መብራት አብርታችሁ ነዳጅ ስጡት። ጩኸቱ ከበረታና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከቀነሰ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው።

ሞተሩን አጥፉና ካቢናውን ገልብጡ። የካቢናው መደገፊያ በትክክል መቆለፉን ሳታዩ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ፤ ካቢና ወድቆበት የተጎዳ ሰው አለ። ቺንጋውን በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት። ጎኑ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተንሸራቶ ተቃጥሏል፣ ማጥበቅ አያድነውም። ከተሰነጠቀ ወይም ዘይት ከነካውም ይቀየራል። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳታገኙ አዲስ ቺንጋ ብታስገቡ ግን ከወር በኋላ እዚያው ናችሁ። ፑሌጃውንም እዩ። ቺንጋው የፑሌጃው ቦይ መጨረሻ ድረስ ከሰመጠ፣ ወይ ቺንጋው አልቋል ወይ ፑሌጃው ተበልቷል።

ውጥረቱን ለማወቅ በሁለቱ ፑሌጃዎች መሃል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት። 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢገባ ጥሩ ነው። ትክክለኛውን ልክ የሞተራችሁ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ከዚያ በላይ ከገባ ላልቷል። እንደ ክራር ጅማት ካጠበቃችሁት ደግሞ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ትበላላችሁ። ያኔ ሌላ ጩኸት ይጀምራል።

የውሃ ሙከራም አለ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በስታችሁ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ቺንጋው ላይ ትንሽ ውሃ ትረጫላችሁ። ይህ ለፒካፕ ይቀላል፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ መርጨት ነው። ኤንፒአር ላይ ግን ካቢና ገልብጦ ሞተር ማስነሳት ስለሚመጣ መካኒክ ባለበት ይሁን። ውሃው ሲነካው ጩኸቱ ከጨመረ ቺንጋው ይንሸራተታል። ለጊዜው ጠፍቶ ውሃው ሲደርቅ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር አልቆሙም፤ ክር ወጥራችሁ ከፑሌጃ ፑሌጃ ብትለኩት ጥመቱ ይታያል። ውሃው ምንም ካልለወጠ ኩሽኔታ ጠርጥሩ። እጅ፣ ነጠላ ልብስ፣ የረዘመ እጅጌ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) አጠገብ አይድረስ።

ኩሽኔታ ለማዳመጥ ረጅም ካቻቢቴ በቂ ነው። ጫፉን የማይዞረው አካል ላይ፣ ለምሳሌ የዲናሞው ገላ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ እጀታውን ጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ትደግፋላችሁ። ጤነኛው ያንጎራጉራል። የታመመው አሸዋ እንደሚፈጭ ያሰማል። ሞተር ጠፍቶ፣ ቺንጋው ወልቆ፣ ፑሌጃውን በእጅ ማዞርም ይቻላል፤ የሚጎረብጥ ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ጨርሷል።

አንዳንድ መካኒክ ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩን ለአፍታ ያስነሳል። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ ከቺንጋው ጋር ከሚዞሩት አንዱ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፣ የውሃ ፓምፑ ቆሟልና። መኪናውንም አታንቀሳቅሱ። ብዙ የአይሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ለፍሬን አየር የሚስበው ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተገጠመው። ቺንጋ ከሌለ ዲናሞው አይዞርም፣ ፓምፑም አይስብም፣ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

ቺንጋ ላይ ሳሙና፣ ናፍጣ ወይም ግራሶ የሚቀቡ ሾፌሮች አጋጥመውኛል። ይተዉት። ድምፁ ለአንድ ቀን ይጠፋና ቺንጋው ጭራሽ መያዝ ይተዋል። ዳገት መሃል ሞተሩ ሲግል ያኔ ይገባል።

ከቺንጋ ሌላ ቆሞ የሚያሰማ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ነው። ድምፁ ከሲጥ ይልቅ ጭጭጭ የሚል ወፍ ይመስላል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይጎላል፣ ብረቱ ሲግልና ሲሰፋ ይቀንሳል። ጭሱ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላሸት ይተዋል፣ በዓይን ይታያል። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ሞተር ከሆነና ጭነት ላይ ብቻ ረጅም ፉጨት ከሰማችሁ፣ ጉልበትም ከቀነሰና ጥቁር ጭስ ከበዛ፣ ከተርቦው የሚወጣው የአየር ጎማ ቱቦ ተቀዷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መጋጠሚያው ላይ የዘይት እርጥበት ካያችሁ እዚያ ነው። አሮጌው 4.3 ሊትር ኤንፒአር ግን ተርቦ የለውም፣ በሱ ላይ ይህን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

ሲነሳ የሚጮህ ከሆነ፦ ክሮቼራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ጉልበት ሲበዛ የሚመጣ፣ ከሆድ የሚሰማ፣ በጎማ አንድ ዙር ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሲጥ ሲጥ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከማየታችሁ በፊት ክሮቼራውን እዩ።

ክሮቼራ መስቀል የሚመስል ብረት ነው። አራት ጫፍ አለው፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቆብ አለ፣ ቆቡ ውስጥ ቀጫጭን መርፌ የሚመስሉ ብረቶች ተደርድረዋል። እነዚህ መርፌዎች ግራሶ ካጡ ዝገት ይጀምራቸዋል፣ ከዚያ ብረት በብረት ይፋጫል። ሻፍቱ ጉልበት ሲያርፍበት ይጮኻል፣ ጉልበቱ ሲለቀው ዝም ይላል። ለዚህ ነው እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ድምፁ የሚጠፋው። ለዚህም ነው ባዶ መኪና ላይ ዝም ብሎ ጭነት ሲኖርና ዳገት ሲመጣ የሚናገረው።

አሁን ከላይ ያልኩትን ልጨርስ። በብዙዎቹ ኤንፒአሮች የእጅ ፍሬኑ ጎማ ላይ አይደለም። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ የተቀመጠ ታምቡር ነው፣ የሚይዘውም ሻፍቱን ነው። ክሮቼራ ቢበጠስ ሻፍቱ ከጎማው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ያኔ ሞተር ፍሬን የለም። የእጅ ፍሬን የለም። የቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው። ይህ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ወይም ጣርማ በር ላይ ጭነት ይዛችሁ ቢሆን ምን እንደሚመጣ ለሾፌር መንገር አያስፈልግም። የሻፍቱ የፊተኛው ጫፍ ወድቆ አስፋልት ቢነክስ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ለዚህ ነው «ትንሽ ድምፅ ናት» ሲባል የማልስማማው።

ከዚሁ የተነሳ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት የእጅ ፍሬኑን አትመኑት። አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ብታነሱ ዲፈረንሻሉ ያንን ጎማ እንዲዞር ስለሚፈቅድለት የእጅ ፍሬኑ ተይዞም መኪናው ሊሄድ ይችላል። ሻፍቱን ስትፈቱማ ጭራሽ ፍሬን የለውም። ስለዚህ ሜዳ ላይ፣ ፊትም ኋላም ጎማ ሥር ሁነኛ ታኮ አድርጉ። ድንጋይ ከሆነ ትልቅ ድንጋይ ይሁን።

ከሥር ገብታችሁ መጀመሪያ በዓይን እዩ። ቆቡ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ዱቄት ካለ ደርቋል። ከዚያ የክሮቼራውን ሁለት ጎን በሁለት እጅ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ግፉ። ጤነኛ ከሆነ ምንም አይንቀሳቀስም። ትንሽ ቀጭ ካለ አልቋል፣ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር እዚህ ላይ የለም። ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መሃል ላይ በጎማ የተሸፈነ ኩሽኔታ አለ፣ እሱንም አትርሱት። ጎማው ከተቀደደ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ከደረቀም ያፏጫል።

ሲጥ የሚለው ክሮቼራ ግራሶ ሲሰጠው ዝም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። ዝም ማለቱ ዳነ ማለት አይደለም። ዝገት የጀመረው መርፌ አንዴ ተበልቷል፣ ግራሶው ድምፁን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወይ ይመለሳል ወይ ሳይናገር ይበጠሳል። ግራሶ ስጡትና ዝም ካለ ጥፋቱን አገኛችሁ ማለት ነው። እንደ ምርመራ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ቀይሩት።

እጥበትና ግራሶ ስታስገቡም ቁሙና እዩ። ሠራተኛው ይቸኩላል፣ ከጭቃ ሥር የተደበቀችውን ግራሶ መስጫ ያልፋታል። የእኔዋ እንደዚያ ነው የደረቀችው። ወር በወር «ግራሶ ተሰጥቷል» እየተባለ አንዷ ክሮቼራ አንድም ቀን አልደረሳትም። ትክክለኛው አሰጣጥ በአራቱም ቆብ ዳር አዲስ ግራሶ ብቅ እስኪል ድረስ ነው። ሦስቱ ወጥቶ አንዱ ካልወጣ በዚያ በኩል ያሉት መርፌዎች እየደረቁ ነው።

ስትቀይሩ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ «የኤንፒአር ነው» ብላችሁ ብትጠይቁ ከአንድ በላይ ልክ ያወጡላችኋል። የቆቡን ውፍረትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በካሊፐር አስለኩ፣ በዓይን መመጠን አያዋጣም። ሻፍቱን ከማውረዳችሁ በፊት ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙበትና ፍላንጁ (ሻፍቱ በቡሎን የሚታሰርበት ሳህን) ላይ በቀለም መስመር አድርጉ። መስመር በመስመር ካልተመለሰ ሲጥ ሲጡ ጠፍቶ መንቀጥቀጥ ይመጣል። አዲሱ ቆብ እየገባ መሃል ላይ ከቆመ በመዶሻ አትቀጥቅጡት፤ አንዷ መርፌ ተጋድማለች። አውጡት፣ በግራሶ አስተካክላችሁ መልሳችሁ አስገቡት።

ክሮቼራው ጤነኛ ከሆነስ?

ባሌስትራ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው። መኪናው ሲነሳ የኋላው አክሰል በጉልበቱ ስለሚጠመዘዝ ባሌስትራውን አብሮ ይጠመዝዘዋል፣ የደረቀ ፒንና ቦኮላ (ባሌስትራው የሚታሰርበት ዘንግና ማቀፊያው) ካለ ያኔ ይጮኻል። የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንዴ እንደ በር ማጠፊያ እንጥጥጥ ብሎ ያበቃል እንጂ እንደ ክሮቼራ አይደጋገምም። ሁለተኛ፣ ጉድጓድ ስትገቡም ይሰማል። ቆሞም ሁለት ሰው ካሶኒው (የጭነቱ ሳጥን) ጥግ ላይ ቆሞ ቢወዘውዘው ይናገራል። ዝናብ ከመታው ወይም ከታጠበ በኋላ ለአንድ ቀን ከጠፋ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፒኖቹ ግራሶ መስጫ አላቸው፤ ግን ክብደት ላያቸው ላይ እያለ ግራሶው የሚፋጨውን ጎን አያገኘውም። ሻንሲውን በክሪክ ከፍ አድርጋችሁ፣ መቆሚያ ደግፋችሁ ስጡት። የተቃጠለ ዘይት ባሌስትራ ላይ መቀባት ልማድ ሆኗል፣ እኔ አልመክርም። አቧራውን ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያደርገዋል፣ በፒኑ ዙሪያ ጎሚኒ (የላስቲክ ማቀፊያ) ያለበት መኪና ላይ ደግሞ ላስቲኩን ያበላሸዋል።

ፍሬን ከሆነ ቀላል ማረጋገጫ አለው። እየሄዳችሁና እየጮኸ ፍሬኑን በጣም በቀስታ ንኩት። ድምፁ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ሸራው (የፍሬኑ መያዣ ሽፋን) ጋ ነው። ፒካፕ ላይ፣ ጠጠር መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ ድንገት የሚሰነጥቅ ጩኸት ከመጣ፣ ዲስኩና ከኋላው ያለው ቆርቆሮ መሃል ድንጋይ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሸራ ከማስቀየራችሁ በፊት እሱን እዩ። የኤንፒአር የእጅ ፍሬን በደንብ ካልተለቀቀም ከካምቢዮ ጀርባ ይጮኻል፣ የተቃጠለ ሽታም ያመጣል። ድምፁ በሻፍት ዙር ስለሆነ ክሮቼራ ይመስላል። ከጉዞ በኋላ ታምቡሩ አጠገብ እጃችሁን ሳትነኩ ጠጋ ብታደርጉ ሙቀቱ ይነግራችኋል።

ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚመጣና ስትለቁ የሚጠፋ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ዜሮ ማርሽ ላይ ቆማችሁ እየተሰማ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ካምቢዮ ያስወርዳል፣ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ሳታጣሩ «ካምቢዮ ይውረድ» ለሚል ሰው እሺ አትበሉ።

የሞተር ጎማ የሚጮኸው በመነሻ ላይ አንዴ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከድም የሚል ምት ጋር። ሞተር ጠፍቶ ላስቲኩን በእጅ ባትሪ እዩ፤ ከብረቱ ከተላቀቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይለያል። ሞተሩን በማርሽ እያስጨነቁ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያይ ማድረግ ግን በጭራሽ አይሞከር።

አንዳንዴ ደግሞ ሞተርም ሻፍትም ሳይሆን ካሶኒው ነው። ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ሲላሉ እንጨቱ ከብረቱ ጋር ይፋጫል፣ መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ ሸርተት ሲል ይጮኻል። ዳዶዎቹን በየተራ አጥብቃችሁ አንድ ዙር ንዱት። ብር አያስወጣም።

ጋራዥ ስትሄዱ

ያያችሁትን እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፦ «ቆሞ ነዳጅ ስሰጠው አይጮህም። በሜዳ ማርሽ ሳወጣ ይጠፋል። በአንድ የጎማ ዙር አምስት ጊዜ ሲጥ ይላል። ጭነት ሲኖር ይብሳል።» ይህን የሰማ መካኒክ በቀጥታ ከሥር ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቺንጋ እንቀይር ካለ ሌላ መካኒክ ፈልጉ። ድምፁ የሚመጣው ሞተር ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ መኪናውን ማታውኑ እዚያ አሳድሩት፣ ጠዋት እሱ ራሱ አስነስቶ ይስማው። በስልክ መቅዳትም ይጠቅማል፤ ስልኩን ካቢና ውስጥ ሳይሆን ከጎን የሚሄደው ሰው ይያዘው።

ክሮቼራ ካስቀየራችሁ የፍላንጁን ቡሎኖች ከመጀመሪያው ጭነት ጉዞ በኋላ እንደገና አስጠብቁ። አዲስ ቺንጋም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፣ በአውራ ጣት መልሳችሁ ሞክሩት። ከዚያ ያን የጠመኔ መስመር እንደገና አስምሩ፣ ረዳቱ ይውረድ፣ ሬዲዮኑን አጥፉና በአንደኛ ማርሽ ሃምሳ ሜትር ንዱ።